ለመሄድ የሚበቃ ነዳጅ

ያን ቀን ማንም አልተጎዳም። መኪና አልተሰበረም፤ ነዳጅም አላለቀብንም። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ጥቂት መኪኖች ሆነን ረጅም የአሸዋ መንገድ ይዘን ነበር። ግማሹን ትንሽ እንዳለፍን አንድ ደረቅ ወንዝ ጋ ደረስን። ደረቅ ይባል እንጂ ከላይ ዘንቦ ስለነበር አሸዋው ርሷል። በወዲያኛው ዳር ያለው መውጫም ተንዷል። ምናልባት ያሻግራል። ምናልባት ደግሞ ከወንዙ ወዲያ ሌላ የተናደ ቦታ አለ። ከፊታችን የቀረው መንገድ ካለፍነው ያንሳል፤ ስለዚህ አብዛኞቻችን «እንሻገር» አልን። ፊት ፊት የሚነዱት በዕድሜም በልምድም የሚበልጡን ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እየዞሩ የሁላችንን የነዳጅ ጌጅ አዩ። ከዚያ፣ «ልጆች፣ ለመሄድ የሚበቃ አለን። ሄደን መንገዱ እምቢ ቢለን ግን የምንመለስበት የለንም» አሉ። ተመለስን።

ውሳኔው ትክክል ነበር። በዚህ ላይ ጥያቄ የለኝም። የከነከነኝ ሌላ ነው። ወንዙን ደህና አድርገን እንኳ አላየነውም። አንድ መኪና ልከን ማዶ ያለውን መንገድ አይቶ ይምጣ ማለት አልቻልንም፤ ለዚያ የሚሆን ትርፍ ነዳጅ ማን ዘንድ ነበር? ያን ቀን የወሰነልን ታንካችን ነው። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሁለተኛ ታንክ የምር ማሰብ የጀመርኩት።

ወረቀቱና አሸዋው

ስለ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ሲወራ የሚነሳው ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ያህል ሊትር ጨመርኩ፣ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ ይባላል። አሸዋ ላይ ግን የኪሎ ሜትር ስሌት አይታመንም። የጎማውን አየር ቀንሰህ፣ በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ ስትሄድ መኪናው የሚበላው ናፍጣ ከአስፋልቱ ጋር አይገናኝም።

ቁጥሩን እንየው። አስፋልት ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚበላ መኪና አለ እንበል። ታንኩ 80 ሊትር ቢይዝ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ልቅ አሸዋ ላይ ይኸው መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ቢበላ 400 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል። 10 ሊትር ለክፉ ቀን ብናስቀር 350 ቀረ። አሁን ደግሞ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል ብለን መመለሻውን እናስብ። ያ 650 የነበረው መኪና ከነዳጅ ማደያው 175 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ መመለስ ያለበት ሆነ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባል የለ? ነዳጅን የመሰለ ለዚህ ተረት የሚስማማ ነገር አላውቅም። ሂሳቡን የምትሠራው ማደያው ጋ ሆነህ ነው፤ አሸዋው መሀል ሆነህ ብታሰላው የሚጨምርልህ ሊትር የለም።

አምራቾቹም ይህን ያውቃሉ። ለረጅም መንገድ የታሰበው ላንድክሩዘር 78 እያንዳንዳቸው 90 ሊትር የሚይዙ ሁለት ታንኮች ይዞ በአንዳንድ ገበያዎች ተሸጧል። ፕራዶ 150ም በአውስትራሊያ 87 እና 63 ሊትር የሚይዙ ሁለት ታንኮች ነበሩት። ሃይሉክስ ግን በ80 ሊትር ነው የሚወጣው። ታንክ እየሠሩ ለመኪና መግጠም ደግሞ እዚያው አውስትራሊያ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ካኒንግ ስቶክ ሩት የሚባለው የበረሃ መንገድ ብቻ 1,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ነዳጅ የሚገኝበት ቦታ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ጀሪካንስ? ጀሪካን እስካሁን ብዙ ሰው አሻግሯል፤ አልንቀውም። ግን አንድ ባለ 20 ሊትር የብረት ጀሪካን ናፍጣ ሲሞላ 21 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አራቱን ፖርቶመጋላ ላይ ስትደረድር ከ80 ኪሎ በላይ የመኪናው ከፍተኛ ቦታ ላይ ሰቀልክ ማለት ነው። ጎን በሚያዘነብል መንገድ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ውስጥ ካስገባኸው ሽታው አለ፤ ቤንዚን ከሆነማ ትነቱ ራሱ አደጋ ነው። በንፋስና በአቧራ መሀል መገልበጡም አለ። ክብደቱን ዝቅ አድርጎ ሻንሲው (የመኪናው አካል የተቀመጠበት የብረት አጥንት) ሥር ማሰር የተሻለ መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው ሻንሲው ሥር የት ጋ የሚለው ነው። እኔም እዚህ ጋ ነው ሐሳቤን የቀየርኩት።

ሚዛኑ ላይ

መጀመሪያ የመረጥኩት ትልቁን ነበር። ከኋላ፣ ስኮርት ጎማው ከተሰቀለበት ቦታ የሚገባ፣ ወደ 120 ሊትር የሚይዝ። ብዙ ሰው የሚመርጠውም ይህንኑ ነው፤ ሰፊ ክፍት ቦታ ያለው እዚያ ነውና። ስኮርቱ ወጥቶ የኋላ በር ላይ ይሰቀላል። መካኒኩ አዳመጠኝ። ከዚያ፣ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንመዝነው» አለኝ። ለጉዞ እንደምጭነው ጭኜ እንድመጣ ነገረኝ። ውሃው፣ ድንኳኑ፣ የመፍቻ ሣጥኑ፣ ሁሉም። ዋናው ሳልባትዮ፣ ማለትም የነዳጅ ታንኩ፣ ፉል ሆኖ።

የከባድ መኪና ሚዛን ላይ ሄድን። አንደኛ የፊት እግሩን ብቻ አወጣነው፤ ተመዘነ። ቀጥሎ መኪናው እንዳለ። ከዚያ የኋላው ብቻ። ቁጥሮቹን መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈ። ቀጥሎ ከጋራዡ ይዟቸው የመጣቸውን አምስት ባለ 20 ሊትር የውሃ ጀሪካኖች የኋላ መከላከያው ላይ ደርድሮ በገመድ ጠፍሮ አሰራቸው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ አምስቱ 100 ኪሎ። የናፍጣ አንዱ ሊትር 0.84 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ይህ የ120 ሊትር ናፍጣ ክብደት ነው። ደግመን መዘንን።

ጠቅላላው በ100 ኪሎ ጨመረ። ይህ ይጠበቃል። የኋላው ግን ከ130 ኪሎ በላይ ጨምሯል። የፊቱ ደግሞ ከ30 ኪሎ በላይ ቀንሷል። እኔ ሚዛኑ የተበላሸ መሰለኝ። ከፊት ማንም ምንም አላወረደም! መካኒኩ መዳፉን ዘርግቶ ቁጥሮቹን አሳየኝና ዝም አለ። እስኪገባኝ መጠበቁ ነው።

ሲገባኝ ቀላል ነው። የኋላው አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት) ልጆች ግንድ አጋድመው ሲጫወቱ ከመሀል እንደሚያደርጉት ድንጋይ ነው። ከእርሱ ኋላ የተጫነ ሁሉ ራሱን ብቻ አይጫንም፤ ፊቱን ያነሳል። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 2.85 ሜትር ያለው መኪና እንውሰድ። የታንኩ መሀል ከኋላ አክስል 80 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሆን፣ 100 ኪሎ ነዳጅ ከፊት 28 ኪሎ ያነሳና ኋላው ላይ 128 ኪሎ ያሳርፋል። መከላከያው ደግሞ ከታንኩም ይርቃል፤ ጀሪካኖቹ የበለጠ ያነሱት ለዚህ ነው። ገና ብረቱን አልቆጠርነውም። በር ላይ የሚሰቀለውን ስኮርት ጎማም አልቆጠርነውም።

28 ኪሎ ምን አላት የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። ግን መሪውን የሚታዘዙት የፊት ጎማዎች ናቸው። ፍሬን ስትይዝ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩትም እነርሱ ናቸው። ፊቱ የቀለለ መኪና ሸንተረር በበዛበት ፒስታ (አስፋልት ያልለበሰ መንገድ) ላይ ኩርባ ሲይዝ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ማታ መብራቱ ቀና ብሎ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ከአክስሉ ኋላ የተንጠለጠለው ክብደት ደግሞ በእያንዳንዷ ጉድጓድ ሻንሲውን ይቀጠቅጣል። ፒክአፖች ላይ ሻንሲ ሲጎብጥ መንስኤው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ጭነቱ ከተፈቀደው ባይበልጥ እንኳ ኋላ ጫፍ ላይ ተከምሯል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ። ክብደትም አያያዝ ነው።

መካኒኩ የመጨረሻ ጥያቄውን ያመጣው ያኔ ነው። «መኪናው የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት አለ። አሁን ተጭነህ ከእርሱ ብዙም አልራቅክም። ይህ ታንክ ከገባ ማንን ታወርዳለህ? ሰው ነው ውሃ?» አለኝ። ብዙ ቆሜ አሰብኩበት። የሚያስፈልገኝ ምን ያህል ነው? ሩቅ ለመሄድ ብቻ ከሆነ 120 ሊትሩ ጥሩ ነው። እኔ የፈለግሁት ግን መጠራጠር በጀመርኩበት ቦታ ላይ አይቶ የመመለስ ነፃነት ነው። ለዚያ የ120 ሊትር ክብደት ዓመቱን ሙሉ መጎተት አያስፈልገኝም። ግማሹ ይበቃል። ቦታው ደግሞ ከኋላ አክስል ፊት መሆን አለበት። እዚያ የተቀመጠ ነዳጅ ፊቱን አያነሳም፤ ራሱን ለሁለቱም አክስል ያካፍላል።

ሁለት ባላ

ስለዚህ ዋናውን የፋብሪካ ታንክ አልነካነውም። ከእርሱ ማዶ፣ በሻንሲውና በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ውስጥ፣ ወደ 60 ሊትር የሚይዝ ጠባብና ረጅም ታንክ ገባ። ስኮርቱም እዚያው ቦታው ቀረ። ዋጋ ግን አስከፍሏል። የጭስ ማውጫው የሚያልፈው በዚያ በኩል ስለነበር ቱቦው መነሳት ነበረበት። በማርሚታው (በጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) እና በታንኩ መካከልም የሙቀት መከለያ ላሜራ ገባ። የጭሱን ጥቀርሻ ይዞ የሚያቃጥል ማጣሪያ ያላቸው አዳዲስ የናፍጣ መኪኖች ላይ ይህ በጣም ያሳስባል። ማጣሪያው ራሱን ሲያጸዳ የጭሱ ሙቀት 600 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል።

አንዱን ታንክ አውጥቶ በትልቅ መተካት እየተቻለ ሁለት ማድረግ ለምን አስፈለገ የሚለኝ ሰው አለ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። አንዱ ታንክ ድንጋይ ቢመታው ሌላው አለ። ከዚህ የሚበልጠው ግን የቆሸሸ ነዳጅ ነው። ሩቅ ቦታ ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ ውሃ ይኑረው አይኑረው በምን ታውቃለህ? አንድ ትልቅ ታንክ ካለህ የተጠራጠርከው ነዳጅ ከጥሩው ጋር ወዲያው ይቀላቀላል። ሁለት ካለህ የተጠራጠርከውን ሁለተኛው ውስጥ ትጨምረዋለህ፤ ያድራል፣ ውሃው ይዘቅጣል፣ ከሥር ትደፋዋለህ። ወደ ዋናው የሚያልፈውም በራሱ ፊልትሮ በኩል ነው።

አሠራሩ ላይም ቀላሉን መረጥን። ሞተሩ ሁልጊዜ የሚጠጣው ከዋናው ታንክ ብቻ ነው። የሁለተኛው ነዳጅ በትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ወደ ዋናው ይገለበጣል። ሞተሩን በቀጥታ ከሁለቱም ታንክ የሚያጠጣ አሠራርም አለ፤ እኔ ግን አልወደድኩትም። የናፍጣ ሞተር ወደ እርሱ ከሄደው ነዳጅ ከፊሉን መልሶ ወደ ታንክ ይልካል። የመመለሻ መስመሩ ከመውሰጃው ጋር አብሮ ካልተቀያየረ ከአንዱ ታንክ እየጠጣ ወደ ሌላው ይመልሳል። የሞላው ታንክ በመተንፈሻው መፍሰስ ይጀምራል፤ አንተ ደግሞ ሞተሩ የሚጠጣበት ታንክ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ግራ ይገባሃል። በእኛ አሠራርም ፓምፑን አብርቶ መርሳት ተመሳሳይ ነገር ያመጣል። ስለዚህ ማብሪያው የተወሰነ ደቂቃ ሠርቶ ራሱ የሚጠፋ ነው።

መካኒኩ ታንኩን ከመስቀሉ በፊት በጌጁ ቀዳዳ እጄን እንድሰድድ ፈቀደልኝ። ውስጡ ላይ ቀጥ ያሉ የላሜራ ግድግዳዎች አሉ። ነዳጁ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ጥጎቻቸው ተቆርጠዋል። የጥጉን ጠርዝ በጣቴ ስዳስሰው ልስልስ ተደርጎ ተሞርዷል፤ የሚቆርጥም የብየዳ ጠብታም አላገኘሁበትም። እነዚህ ግድግዳዎች ባይኖሩ ግማሽ የሆነ ታንክ ውስጥ ያለው ነዳጅ በየፍሬኑ ወደ ፊት እየተወረወረ ብረቱን ይደበድባል፤ መኪናውንም ይገፋል። የብየዳው ጠብታ ደግሞ ተነቅሎ ፓምፑን ይበላል። ከውጭ የማይታይ ሥራ ነው። አንድ ባለሙያ የማይታየውን ጠርዝ እንዲህ ሲሞርደው በጣም ደስ ይለኛል፤ አልደብቅም።

አሰቃቀሉም ትዕግሥት ይፈልጋል። ሻንሲ ድንጋያማ መንገድ ላይ ይጠማዘዛል። ታንኩ በደረቁ ከታሰረ አብሮ ይጠማዘዝና ከብየዳው ይሰነጠቃል። ስለዚህ በማሰሪያውና በታንኩ መካከል ጎማ ገብቷል። ቡሎኖቹ እንዳይላሉ ዳዶዎቹ ራሳቸውን የሚቆልፉ ናቸው። ከመጀመሪያው የፒስታ ጉዞ በኋላም ተመልሼ እንዳስጠብቃቸው አዞኛል። ሌላው መተንፈሻው ነው። ቱቦው ከፍ ብሎ፣ መሙያው አፍ አጠገብ ደርሶ፣ መኪና ቢገለበጥ የሚዘጋ ቫልቭ ይዞ ተቀምጧል። ዝቅ ቢል ውሃ ስንሻገር ውሃ ይምግ ነበር። የሆነ ቦታ ላይ ከጎበጠ ደግሞ ናፍጣ ይቋጥርና አየር ይዘጋል። ማደያ ላይ የነዳጅ መቅጃው ጠመንጃ በየሰከንዱ ጠቅ እያለ አልሞላም ካለህ መጀመሪያ እርሱን ተመልከት።

ጌጁን ማስተማር

የታንክ ጌጅ የሚያውቀው ሊትር አይደለም፤ የተንሳፋፊዋን ከፍታ ነው። አራት ማዕዘን በሆነ ታንክ ላይ ግማሽ ከፍታ ግማሽ ነዳጅ ነው። የእኔው ግን በሻንሲው ቅርጽ ምክንያት ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ሆኗል። ስለዚህ መርፌው ግማሽ ሲል የቀረው ከግማሽ ያንሳል። ይህንን ሳያውቁ በረሃ መግባት አይቻልም። ለዚህ ዘዴው ባዶ ታንክ ይዞ ማደያ መሄድ ነው። 10 ሊትር ትቀዳለህ፣ ትቆማለህ፣ መርፌው የት ጋ እንዳረፈ ትጽፋለህ። እንደገና 10። ቀጂው ልጅ ትዕግሥተኛ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ነገሩ ገብቶት ራሱ «ወንድም፣ ጻፍክ?» ይለኝ ጀመር። ወረቀቷ አሁን የጸሐይ መከለያው ላይ ተለጥፋለች።

እስከ አፉ አልሞላውም። ናፍጣ ሲሞቅ ይለጠጣል። ማለዳ በብርድ የተሞላ 140 ሊትር እኩለ ቀን ላይ 20 ዲግሪ ቢሞቅ ከ2 ሊትር በላይ ይጨምራል። ያ ትርፍ የሚሄድበት ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

ባሌስትራው (የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ) እንዲለወጥ ብዙ ሰው መክሮኛል። እስካሁን አልለወጥኩም። ነዳጅ የሚያልቅ ጭነት ነው፤ ለሙሉ ታንክ የተመረጠ ጠንካራ ባሌስትራ ታንኩ ባዶ ሲሆን መኪናውን ያነጥረዋል። ሁለቱም ታንክ ሞልቶ፣ ሰውና ዕቃ ጭኖ፣ እንደገና ሚዛን ላይ ወጥቷል። ሁለቱም አክስል ከተፈቀደላቸው በታች ናቸው። ትልቁን ከኋላ ገጥሜው ቢሆን ግን ባሌስትራ መለወጡ የግድ ይሆንብኝ ነበር።

በአዘቦቱ ቀን ሁለተኛው ታንክ ውስጥ ጥቂት ሊትር ብቻ ነው ያለው። የማልፈልገውን ክብደት መሸከም አልፈልግም፤ ናፍጣም ለወራት ቆሞ ሲከርም ከሥሩ ውሃ ይጠራቀማል፤ በውሃውና በናፍጣው መገናኛ ላይም ፊልትሮ የሚደፍን ነገር ይበቅላል። ያቺን ጥቂት ሊትር አልፎ አልፎ ወደ ዋናው ገልብጬ በአዲስ እተካታለሁ። ሩቅ መንገድ ሲኖር ደግሞ ከዋዜማው ከሥር ያለውን መድፊያ ከፍቼ ትንሽ ናፍጣ ጠርሙስ ውስጥ እቀዳለሁ። ውሃ ካለው ጠርሙሱ ሥር ላይ ለይቶ ይታያል። ንጹሕ ከሆነ መድፊያውን አጥብቄ ለመሙላት እሄዳለሁ።